የመንደሩን ውኃ ከተማሪዎችና ከነዋሪው ጋር መመርመር፦ ለወጣት የአካባቢ ሳይንስ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

«ባለፈውም የመጡት ቀድተው ሄዱ። ውኃችንን ምን ሆነ አሉት?»

አንዲት እናት ምንጭ ዳር ጄሪካናቸውን አስቀምጠው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። መልስ አልነበረኝም። ባለፈው የመጣነውም እኛው ነበርን። ውጤቱ ከወጣ ወራት አልፈውታል፤ ተጽፎ አልቆ የመጽሔት ገምጋሚ እጅ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ክረምቱን ሙሉ ያንኑ ውኃ ለልጅ ልጆቻቸው ሲያጠጡ ከርመዋል።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ሦስት ሥራ አለበት፦ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ብዙዎቻችን የምንወድቀው ሦስቱን በሦስት ቦታና በሦስት ዕቅድ ስለምንይዛቸው ነው። ምርምሩ ላብራቶሪ ይቀራል፣ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ ያልቃል፣ የማኅበረሰብ አገልግሎቱም የአንድ ቀን ችግኝ ተከላ ሆኖ ለሪፖርት ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሦስቱን በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ የመጠጥ ውኃ ጥናት ላይ ያገናኛል። የሚፈጀው አንድ ዓመት ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን።

የዓመቱ አቆጣጠር

መስከረምና ጥቅምት ለፈቃድና ለትውውቅ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ለተማሪዎች ሥልጠና፣ የካቲትና መጋቢት ለበጋው ናሙና ይሁኑ። የክረምቱን ናሙና የመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦች እንደጣሉ ውሰዱ፤ ሜዳ ላይ የከረመውን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ምንጩ የሚያስገባው የመጀመሪያው ጎርፍ ነውና።

ጥንቃቄ፦ ያ ጊዜ ከትምህርት ቤቶች ፈተናና መዝጊያ ጋር ይጋጫል። የክረምቱን ዙር አብረዋችሁ የሚሠሩትን ጥቂት ተማሪዎች ገና በሚያዝያ ለዩና የወላጅ ፈቃድ አስፈርሙ። ሰኔ ላይ ፈልጋችሁ አታገኟቸውም።

ደረጃ 1፦ ቀበሌውን ምረጡ

1. ከላብራቶሪያችሁ በር ተነስታችሁ መንገዱን በሰዓት ለኩ። ለጀርም ምርመራ የተቀዳ ውኃ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ዋጋ የለውም። መንገዱ ክረምት ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ሌላ ቀበሌ ፈልጉ፣ ወይም በመስክ የሚሠራ የመመርመሪያ ሻንጣ ያዙ።
2. የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ያለው ትምህርት ቤት በእግር መንገድ ርቀት ላይ መኖሩን አረጋግጡ።
3. ከ10 እስከ 15 የውኃ ነጥብ (ሰው ውኃ የሚቀዳበት ቦታ) ይበቃችኋል። 60 ነጥብ ይዞ አንድ ጊዜ ከመሄድ 12 ነጥብ ይዞ አምስት ጊዜ መሄድ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ በተራ

ተራው ይህ ነው፦ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤትና ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የቀበሌው አስተዳደር፣ የየነጥቡ የውኃ ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ በመጨረሻ ወላጆች። ወረዳውን ዘልላችሁ ቀበሌ ብትገቡ ውጤቱ ሲወጣ ጉድጓድ የሚያክም ሰው አይላክላችሁም።

ከወረዳውና ከውኃ ኮሚቴው ጋር የአንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። ሁለት ነገር በግልጽ ይስፈርበት፦ ውጤቱ መጀመሪያ ለማን እንደሚነገርና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚነገር። እኔ «ውጤቱ በታወቀ በ48 ሰዓት ውስጥ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር የማይቀበል የምርምር ቡድን ውስጥ አትግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ጉድጓድ እናስቆፍራለን»፣ «ማጣሪያ እናመጣለን» አትበሉ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢልም እዚያው አርሙት። የምትገቡት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ያገኛችሁትን ትናገራላችሁ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ቀን ጠርሙስ ሳትይዙ ሂዱ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ውኃ ከሚቀዱት ጋር ተጓዙ። ወረፋው ላይ ቁሙ። የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ለመጠጥ የቱን፣ ለልብስ የቱን ትጠቀማላችሁ? ውኃው የሚደፈርሰው መቼ ነው? ፓምፑ ሲሰበር ወዴት ትሄዳላችሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ አትርሱ፤ ደረጃ 7 ላይ የምትሰጡት ምክር ሁሉ በእሱ ላይ ይመሠረታል።

ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች አትለፏቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓውያኑ 1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት። ወንዙ ዳር የሚውሉ ሰዎች ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚያዩት ነገር አለ።

ከዚያ በየነጥቡ የንጽሕና ቅኝት አድርጉ። «አዎ» ወይም «የለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ናቸው፦

- በ10 ሜትር ውስጥ መጸዳጃ ቤት አለ? ከውኃው በላይ በኩል ያለ መጸዳጃ ቤትስ?
- በ10 ሜትር ውስጥ እበት ወይም ቆሻሻ ይታያል?
- በ2 ሜትር ውስጥ ውኃ ይተኛል? የፍሳሹ መውረጃ ተደፍኗል?
- ሲሚንቶው ተሰንጥቋል? የፓምፑ መሠረት ይነቃነቃል?
- አጥር አለው? ከብት ይደርስበታል?

የ«አዎ» ብዛት የአደጋው ደረጃ ነው (ለአጥሩ ግን «የለም» የሚለው ይቆጠራል)። ገንዘብ ባይኖራችሁና ላብራቶሪ ባታገኙ እንኳ ይህን ቅጽ ብቻ ሠርታችሁ ለኮሚቴው ብትሰጡ ጠቃሚ ሥራ ሠርታችኋል።

ደረጃ 4፦ ተማሪዎችን አሠልጥኑ

ሥራውን በዕድሜ ክፈሉት። የክበቡ ተማሪዎች የንጽሕና ቅኝቱን፣ የድፍርስነት ልኬቱን፣ የፒኤች (የውኃውን አሲድነት መለኪያ) ወረቀቱንና ቤት ለቤት ጥያቄውን ይሥሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችሁ ደግሞ ናሙና ቅጂውንና ላብራቶሪውን ይያዙ። የእናንተ ተማሪ የክበቡን ተማሪ እንዲያሠለጥን አድርጉ፤ እሱ ራሱ ትምህርቱን የሚይዘው ያኔ ነው።

አራት ትምህርቶች ይበቃሉ። ሦስተኛውን በልምምድ አሳልፉት፦ ሁለት ተማሪ አንድን ጉድጓድ ተለያይተው ይቃኙ፣ ቅጾቻቸውን ያስተያዩ። የማይስማሙበት ጥያቄ ካለ ጥፋቱ የጥያቄው አጻጻፍ ነው፤ እዚያው አስተካክሉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሕፃን ልጅ ክፍት ጉድጓድ አፍ ላይ አይጎንበስ። አልኮልና ሜታኖል (መርዛማ የአልኮል ዓይነት) አይንካ። የጀርም ማብቀያ ሳህን አይክፈት፤ ውስጡ ያለው ሕያው ነው።

ደረጃ 5፦ ናሙና መቅዳት

ከመቶ ውድቀት አብዛኛው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የሁለቱን ጠርሙስ ልዩነት ያዙ። ለጀርም የሚቀዳበት ጠርሙስ በሙቀት የጸዳ ነው፤ አይለቀለቅም። ለፍሎራይድና ለናይትሬት የሚቀዳበት ግን በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ተማሪዎች ሁለቱን በመልካም ፈቃድ ያምታታሉ፤ የጀርሙን ጠርሙስ «ይጽዳ» ብለው ይለቀልቁታል። በጀርሙ ጠርሙስ ገላ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉ። ለፍሎራይድ ፕላስቲክ ብቻ፤ ብርጭቆ አይሆንም።

መለያውን ከመቅዳታችሁ በፊት በጠርሙሱ ገላ ላይ ጻፉ፦ የነጥቡ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የቀጂው ስም። ክዳን ላይ አትጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል።

*ከእጅ ፓምፕ ወይም ከቧንቧ፦*

1. እጃችሁን ታጠቡ፣ ጓንት አድርጉ።
2. አፉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ላስቲክ ወይም ጨርቅ ታስሮበት ከሆነ ፍቱት።
3. ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ውኃውን አፍስሱ። የሚፈሰውን ወረፋ የያዘ ሰው ጄሪካን ውስጥ ቅዱት፤ ሰው በተቸገረበት ውኃ መሬት ላይ አይደፋም።
4. አፉ ብረት ከሆነ አልኮል በነካ ጥጥ እሳት አስነኩት፣ ከዚያ እንደገና ለጥቂት ጊዜ አፍስሱ። ፕላስቲክ ከሆነ በአልኮል መጥረግ ይበቃል።
5. ክዳኑን አፉ ወደ መሬት እንዳየ በእጃችሁ ያዙ። መሬት ላይም ኪስ ውስጥም አታስቀምጡት።
6. ቅዱ፤ ከላይ ሁለት ጣት ያህል አየር ተዉ፤ ወዲያው ክደኑ።

*ከክፍት ጉድጓድ፦* ጠርሙሱን ንጹሕ ድንጋይ አስራችሁበት በገመድ አውርዱት። ግድግዳውን አይንካ፣ ወለሉንም አይምታ፤ ዝቃጭ ይገባበታል። ሞልቶ ሲወጣ ጥቂት ደፍታችሁ ክደኑ።

*ከምንጭ፦* የጠርሙሱን አፍ ውኃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ ቅዱ። ከእናንተ በላይ ሰው አይርገጥ።

*ከቤት፦* ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ምንጩ ንጹሕ ሆኖ ውኃው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመንገድና በቤት ነው። እናትየውን «እንደምትጠጡት አድርገው ይቅዱልኝ» በሏቸው፣ ጠርሙሱን ክፈቱና በራሳቸው መቅጃ ያፍስሱላችሁ። እጃቸውን እንዲታጠቡ አትንገሯቸው፤ መቅጃውንም አታጽዱ። የምትለኩት የሚጠጡትን ነውና። አንድ ቤት ውስጥ መቅጃው ጣሳ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ዶሮ አጠገቡ ስትጭር አይቻለሁ። የምንጩ ውኃ ጀርም ያልታየበት ነበር፤ የእንስራው ግን እንደዚያ አልሆነም።

ውኃው በክሎሪን የታከመ ከሆነ ሶዲየም ታዮሰልፌት (ክሎሪንን የሚያከሽፍ ኬሚካል) ያለበት ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ጀርሙን መግደሉን ይቀጥልና ውጤታችሁ ይዋሻል።

የማቀዝቀዣ ሳጥን፦ በረዶ በትኖ መክተት ስሕተት ነው፤ ሲቀልጥ በክዳኑ ይሰርጋል። በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ አቀዝቅዛችሁ በመካከል ደርድሩ። ናሙናው 4 ዲግሪ አካባቢ ይሁን እንጂ በረዶ አይሁን።

በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይዛችሁ ውጡ፤ መስክ ላይ ክፈቱትና ክደኑት። ይህ ምስክራችሁ ነው፤ ጀርም ከበቀለበት የገባው ከእናንተ አሠራር ነው። ከ10 ናሙና አንዱንም ደግማችሁ ቅዱ።

ደረጃ 6፦ ምርመራ

1. 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉ፣ ማጣሪያውን በላውሪል ሰልፌት ማብቀያ ላይ አኑሩ።
2. ቢያንስ 1 ሰዓት በክፍሉ ሙቀት አቆዩት፤ የደከሙት ባክቴሪያዎች እንዲያገግሙ።
3. በ44 ዲግሪ ኢንኩቤተር (ሙቀት ጠብቆ ጀርም የሚያበቅል ሳጥን) ውስጥ ከ16 እስከ 18 ሰዓት አስቀምጡ። ከቀኑ 10 ሰዓት ያስገባችሁትን በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ታወጣላችሁ።
4. ቢጫዎቹን ኮሎኒዎች (ጀርሙ ተባዝቶ የሠራቸውን ነጠብጣቦች) እንዳወጣችሁ ቁጠሩ። ሲበርድ ቀለሙ ይለወጣልና «ሻይ ጠጥቼ እቆጥራለሁ» አይሠራም።
5. የተቆጠረውን ሳህን በበረኪና ዘፍዝፉ ወይም በእንፋሎት ግፊት ቀቅሉ። እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል።

የምታነጻጽሩበት የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፦ ከዓይነ ምድር የመጣ ጀርም በ100 ሚሊ ሊትር 0፣ ፍሎራይድ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ናይትሬት 50 ሚሊ ግራም በሊትር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ፍሎራይዱን ከሁሉ አስቀድሙ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን መመለስ

*ተራው፦* በመጀመሪያ የወረዳው ውኃና ጤና ጽሕፈት ቤቶችና የውኃ ኮሚቴው፣ በዚያው ቀን። ቀጥሎ ናሙና የሰጡ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር። የሕዝቡ ስብሰባ የመጨረሻ ነው። የማንም ቤት ውጤት በስብሰባ ላይ አይነገር፤ በቁጥር እንጂ በስም አይመዝገብ።

*ቃሉን ምረጡ፦* «ተመርዟል» አትበሉ። ይህ ቃል ወጥቶ መንደር ውስጥ ከገባ በማግስቱ «ማን መረዘው?» የሚል ጥያቄ ይወልዳል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይተያያል። «ውኃው ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጣ ጀርም ገብቷል፤ የገባውም በዚህ በኩል ሊሆን ይችላል» በሉና የተሰነጠቀውን ሲሚንቶ አሳዩ።

*«አትጠጡ» ብላችሁ አትቁሙ፦* ያንን ጉድጓድ የተወ ሰው ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙ ደግሞ ከጉድጓዱ ይብሳል። ችግሩንና መፍትሔውን ለያይታችሁ አትናገሩ፦

- ጀርም ከሆነ፦ ውኃው ተንተክትኮ ይፍላ፤ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ለ3 ደቂቃ። ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ የቤት ክሎሪን ማከሚያ በመያዣው ላይ እንደተጻፈው ተጨምሮ 30 ደቂቃ ይቆይ። የደፈረሰ ውኃ መጀመሪያ ይጥለል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይጣራ፤ ድፍርሱ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል።
- ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ከሆነ፦ ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይበረታል። ለመጠጥና ለወጥ ሌላ ምንጭ ፈልጉ፤ ያኛው ለልብስና ለከብት ይዋል። ከፍ ያለ ፍሎራይድ ይበልጥ የሚጎዳው ጥርስ የሚያበቅሉ ልጆችን ነው፤ ከፍ ያለ ናይትሬት ደግሞ በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላዎችን። በማን ቤት ጨቅላ እንዳለ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ታውቃለች።

ሁለቱን አቀያይሮ መምከር የከፋው ጥፋት ነው። ወረቀቱን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ።

*ስብሰባው፦* የእርሻ ሥራ በማይሠራበት የበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ወይም በዕድር ቀን ይሁን። ግራፍ ይዛችሁ አትሂዱ። የክበቡ ተማሪ የተመረመረውን ያህል፣ 100 ሚሊ ሊትር (ከሲኒ ጥቂት የሚበልጥ) ውኃ በብርጭቆ ይያዝ፤ ሌላዋ ተማሪ ሰፌድ ላይ ሽምብራ ትቁጠር። 40 ኮሎኒ የተገኘበት ጉድጓድ 40 ፍሬ ሽምብራ ነው። ከጎኑ ንጹሕ የወጣው ምንጭ ባዶ ሰፌድ። አንድ ጊዜ ልጅቷ ቆጥራ ስትጨርስ ሰዉ ዝም አለ፤ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አባት ተነስተው ሰፌዱን ቀረብ ብለው አዩና «አጥሩን እኔ አጥራለሁ፣ እንጨት አለኝ» አሉ። ያን ቀን እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ደረጃ 8፦ ጥገናና ዳግም ምርመራ

ከንጽሕና ቅኝቱ «አዎ»ዎች መካከል ያለ ገንዘብ የሚስተካከሉትን አስቀድሙ፦ አጥር፣ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ፣ የፍሳሽ መውረጃ መጥረግ። ሲሚንቶና የፓምፕ ዕቃ የውኃ ኮሚቴው ካጠራቀመው ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። ጉድጓድን በክሎሪን ማከም የወረዳው ባለሙያ ሥራ ነው፤ በራሳችሁ መጠን አትጨምሩ፣ ፓምፕም አትዝጉ።

ከጥገናው 2 ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ደግማችሁ መርምሩ።

ደረጃ 9፦ አሁን ጻፉ

የጥናቱን ጽሑፍ፣ የኮርሱን የተግባር መልመጃና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሪፖርቱን ከዚያው የመስክ መዝገብ አውጡ። ቅኝቱን የመራው የትምህርት ቤት መምህር በሥራው ልክ በደራሲነት ይግባ። ታትሞ ሲወጣ የአንድ ገጽ የአማርኛ (ወይም ሕዝቡ የሚናገረው ቋንቋ) ቅጂ ለትምህርት ቤቱና ለወረዳው አድርሱ። ዕድገት ስትጠይቁ ሦስቱም መዝገብ በእጃችሁ ነው።

ሲበላሽ

*ምስክር ጠርሙሱ ላይ ኮሎኒ ከበቀለ፦* የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ ጣሉ። አንዱንም «ይህ ደህና ይመስላል» ብላችሁ አታትርፉ። ለኮሚቴው ደውላችሁ «በእኛ ስሕተት ነው፤ ማክሰኞ ተመልሰን እንቀዳለን» በሉ።

*መብራት ከጠፋ፦* ኢንኩቤተሩን ከባትሪ ጋር ካላገናኛችሁ ናሙና አትቅዱ። ሙቀቱ ወርዶ እንደነበር ከተጠራጠራችሁ ቁጥሩን አትመዝግቡ።

*ኮሎኒው ለመቁጠር ከበዛ፦* «ከ100 በላይ» ብላችሁ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዙር 10 ሚሊ ሊትር ብቻ አጣርታችሁ በ10 አባዙ።

*የተማሪው ቅጽ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፦* ቤቱ ቁጭ ብሎ ሞልቶት ይሆናል። አትቆጡት፤ አብራችሁት ሂዱና ሦስቱን ነጥብ ደግማችሁ ቃኙ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መንገዱ ሩቅ መሆኑ ነው፤ ድርሻውን ቀንሱለት።

*የቀበሌው ሊቀመንበር ከተለወጠ፦* የስምምነቱን ገጽ ይዛችሁ ከደረጃ 2 ጀምሩ። አንድ ቀን ይፈጃል።

*ሰዉ ውጤቱን ካላመነ፦* አትከራከሩ። «አያቴም አባቴም የጠጡት ውኃ ነው» ላለ ሰው የጸዳውን ጠርሙስ ስጡት፣ አቀዳዱን አሳዩት፣ በራሱ እጅ ይቅዳ። ስሙን በጠርሙሱ ላይ ጻፉና በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሳህኑ ሲወጣ እንዲያይ ወደ ላብራቶሪው ይዛችሁት ሂዱ። መጓጓዣውን እናንተ ክፈሉ።